አራተኛው ጭነት

ኦዲልና ፕላመን የተዋወቁት በስድብ ነው። በፈረንሳይና ቤልጂየም ድንበር፣ ሊል ከተማ ዳር ባለው የአትክልት መጋዘን እሷ የጭነት ማንሻውን ፎርክሊፍት እየነዳች ሳለ፣ የቡልጋሪያ ታርጋ የለጠፈ ተሳቢ መጥቶ መንገዷን ዘጋው።

«አንተ ሰውዬ! እንቅልፍህን ቤትህ ሄደህ ተኛ!»

«ቤቴ እኮ ይሄው ነው» አለና መሪውን መታ መታ አደረገ። ዓይኖቹ በድካም ቀልተዋል። ከፍቺዋ ወዲህ ወንድ ማየት ያስጠላት ኦዲል ሳታስበው ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ ፕላመን በመጣ ቁጥር ጭነቱን የምትጭንለት እሷ ሆነች። ወደደችው... በጣም ወደደችው! ግን ሦስት ጊዜ ጭኖ ያራግፍና ድራሹ ይጠፋል። አንድም እሑድ አብሯት ውሎ አያውቅም።

«ሚስቱ ጋ ነዋ፣ አንቺ ሞኝ!» ይላታል የጭነት ተቆጣጣሪው ፋብሪስ።

ፕላመንን ስትጠይቀው ደግሞ መልሱ አንድ ነው። «ሕጉ ነው ኦዲልዬ። የውጭ መኪና ይዞ የገባውን ካራገፈ በኋላ፣ አገራችሁ ውስጥ ሦስት ጭነት ብቻ ነው የሚፈቀድለት። ከዚያ ውልቅ!»

በመጨረሻ እናቷ ወይዘሮ ጆሴት ቆረጡ። «እሑድ ምሳ ይምጣና ልየው። ካልመጣ ስሙን እዚህ ቤት እንዳታነሽብኝ።»

ኦዲል መላ መታች። ፋብሪስን ለምና ለፕላመን አራተኛ ጭነት አስያዘችለት፤ ሰኞ ጠዋት የሚጫን ድንች። እንግዲህ እሑድን እዚሁ ይውላል!

ፕላመን ሲሰማ ፊቱ ዳመነ። «አልችልም።»

«ለኔ ስትል እንኳ?»

«ከተያዝኩ መኪናው ይታገዳል፣ እኔም ከሥራ እባረራለሁ።»

«ሚስቴ ትቆጣኛለች አትልም!»

«የምን ሚስት?...» ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። «ደክሞኛል ኦዲል። መጨቃጨቂያ አቅም እንኳ የለኝም።»

«እንግዲያው ሂድ! መኪናህን አግባት!»

ሄደ። ኦዲል ፎርክሊፍቷ ላይ እንደተቀመጠች አለቀሰች። መለመኑም ማፍቀሩም ሰለቻት።

እሑድ እናትና ልጅ በቢራ የተቀቀለ የበሬ ሥጋ አቅርበው ለሁለት ሊበሉ ተቀምጠዋል። በሩ ተንኳኳ። ፕላመን ነው፤ ላብ በላብ ሆኖ፣ ጫማው ጭቃ ለብሶ።

«መኪናውስ?» አለች ኦዲል ግራ ገብቷት።

«ድንበሩን አሻግሬ ቤልጂየም አቆምኩት። በአውቶቡስ መጥቼ፣ ሰፈሩ ጠፍቶብኝ ስዞር ነው የቆየሁት።» እጇን ያዘ። «ስንት ዓመት ሙሉ መኪናው በሄደበት ስሄድ፣ የተከለከለው እሱ እንጂ እኔ አለመሆኔ አንድ ቀን እንኳ ትዝ አላለኝም። አንቺ ስትሰድቢኝ ነው የገባኝ። ሚስት የለኝም ኦዲል። ማንም የለኝም።»

ኦዲል አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

ምሳውን ጀመረ እንጂ አልጨረሰውም። ሹካውን እንደያዘ ጭንቅላቱ ኦዲል ትከሻ ላይ ወደቀ።

«ኧረ ልጄ!» አሉ ወይዘሮ ጆሴት። «ይሄ ሰውዬ የመጣው ሊያገባሽ ነው ሊተኛ?»

«ለሁለቱም፣ እማማ» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ኦዲል እሺ ልትለው አፏን ስትከፍት ማንኮራፋት ጀምሯል። እሺታዋን ሲነቃ ነገረችው።