የግራ ከስክስ ክር

ሃምሳ አለቃ አድማሴ የሞቱት በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ልጃቸው ዝናሽ ከመካነ ሰላም ገበያ ስትመለስ አባቷን አልጋቸው ላይ በጀርባቸው ተዘርግተው፣ ከራስጌያቸው ደግሞ የተባይ መድኃኒት ጠርሙስ ቆሞ አገኘች። ጩኸቷን ሰምቶ የመጣ ሁሉ ከደጃፉ ቆሞ አንድ ነገር አለ፤ «ያ ጦርነት ዛሬ ጨረሳቸው።» የመንደር ሰው ለመፍረድ ቀጠሮ አያበዛም።

ኢንስፔክተር ፊርደውስ ስትደርስ ዝናሽ ስለ ገዳይ አልጠየቀቻትም።

«እህቴ፣ መምሬ የኔአለም ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለም አሉኝ። አባቴን ያለ ጸሎት ልቅበር?»

«እስካሁን ራሳቸውን አጠፉ ያለኝ ጠርሙሱ ብቻ ነው» አለች ፊርደውስ። «ጠርሙስ ደግሞ ብቻውን አይመሰክርም። አብሽሪ።»

ፊርደውስ አቀስታ ያደገች የሬሳ አጣቢ ልጅ ናት። እናቷ «ሬሳ ሳይደርቅ ነው የሚቃና» ሲሉ እየሰማች ነው ያደገችው። አልጋው አጠገብ ተንበርክካ ብዙ ቆየች። አንሶላው ተረጋግጦ ተጨማድዷል፤ ሰውየው ሲሞቱ ተሠቃይተዋል። እግሮቻቸው ግን ገጥመው ተዘርግተዋል፣ እጆቻቸው ደረታቸው ላይ ተሰብስበዋል፣ ዓይኖቻቸውም ተከድነዋል። በሁለቱ የእግራቸው አውራ ጣቶች ዙሪያ ቀጭን የክር ሰንበር አለ። ከአልጋው ሥር ደግሞ ከጦሩ ጀምሮ ያልተለዩዋቸው ከስክስ ጫማዎች ቆመዋል። የቀኙ ክር አለው፤ የግራው የለውም።

«ማን ነካቸው?»

«ማንም። የአባቴ የጦር ጓድ ጋሽ ጀብሪል ፖሊስ ሳይመጣ ማንም አይግባ ብለው በሩን ያዙት። እኔም ከዚያ ወዲያ አልገባሁም።»

ፊርደውስ ጫማዎቹን በፌስታል ጠቅልላ ወሰደች። ስለ ክሩ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

«ሰሞኑን ምን ሆነው ነበር?»

ዝናሽ እንባዋን ጠረገች። «ንስሐ ገብተው ነበር። ‹ለእንቁ አንድ ነገር ነግሬ እንቅልፍ አገኛለሁ› ይሉ ነበር። ምን እንደሆነ አላውቅም።»

መምሬ የኔአለም የሃምሳ አለቃው የንስሐ አባት ናቸው። ስትጠይቃቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ የንስሐ ነገር ከእኔ ጋር ይቀበራል።»

እንቁ በወጣትነቷ የዓባይነህ ሚስት ነበረች። ዓባይነህ፣ አድማሴ፣ ይሄነውና ጀብሪል ከአንድ አገር ዘምተው በአንድ ሻምበል አገልግለዋል። የዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመት ሦስቱ ሲመለሱ ዓባይነህ ሰሜን ቀረ። ይሄነው መርዶውን አመጣላት፤ ተዝካሩ ከወጣ በኋላም አገባት። ፊርደውስ ስትጎበኛት እንቁ ከማተቧ ጋር የታሰረ፣ የነተበ ጥቁር ክር አሳየቻት።

«ዓባይነህን የገነዙበት ነው። ግንባር ላይ ሌላ ክር ስለማይገኝ ከሟቹ የግራ ጫማ ፈትተው ጣቶቹን ያስራሉ። ሁልጊዜ የግራውን፣ የሻምበላቸው ወግ ነው። ይሄነው በእጁ ገንዞት ይህን አመጣልኝ።»

ፊርደውስ ክሩን ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ ሁለቱን የጦር ጓዶች አነጋገረች።

«ቀኑን ሙሉ በሬ ተራ ነበርኩ» አለ ይሄነው። «ስመለስ ከበር ላይ ሆኜ አየሁት እንጂ አልገባሁም።»

«ወላሂ እኔም ቤቴ ነበርኩ» አለ ጀብሪል። «የሚመሰክርልኝ ግን የለም፤ ቤተሰቡ ሁሉ ገበያ ነበር።»

«ዓባይነህ ሲሞት አብረው ነበሩ?»

«ቆስዬ ተኝቼ ነበር፤ አላየሁም። አጠገቡ የነበሩት አድማሴና ይሄነው ናቸው።»

በማግስቱ አስከሬኑ ከሆስፒታል ተመለሰ። ሐኪሙ መርዙ ከአረቄ ጋር እንደተጠጣ አረጋግጧል፤ ማን እንደቀዳው ግን ሐኪም አያውቅም። ፊርደውስ መምሬን ለምስክርነት እልፍኝ አስገባች። ከስክሶቹን ከአልጋው ግርጌ ጎን ለጎን አቆመችና ጫፋቸው ብቻ እንዲታይ በነጠላ ሸፈነቻቸው። ከዚያ ሁለቱን ሰዎች በየተራ ጠራች። ለእያንዳንዳቸው ያለችው አንድ ነው፤ «የጓደኛዎን ጣት በሻምበላችሁ ወግ ይሰሩላቸው።» እጃቸው ጫማው ላይ እንዳረፈ «ይበቃል» እያለች መለሰቻቸው።

ከዚያም ግቢው ውስጥ ዝናሽን፣ እንቁን፣ መምሬንና ሁለቱን ወታደሮች አስቀመጠች።

«በመርዝ የሚሞት ሰው ይታጠፋል እንጂ እንዲህ ተቃንቶ አይተኛም» ብላ ጀመረች። «ሃምሳ አለቃን አንድ ሰው ገና ሙቀታቸው ሳይወጣ አቃንቷቸዋል፤ ዓይናቸውን ከድኖ ጣታቸውን አስሯል። ራሱን ያጠፋ ሰው ራሱን አይገንዝም። የገነዛቸው ሰው ከተደበቀ ደግሞ ገዳያቸው እሱ ነው።»

ሁለቱን ወታደሮች ተራ በተራ አየች።

«የገበያተኛ ድምፅ ሲሰማ አስከሬኑን ፈትቶ ክሩን ይዞ ወጣ። ከግራ ከስክስ የተወሰደ ክር ነው። ይህን ወግ የሚያውቁ፣ ከሟች ጋርም አረቄ የሚጠጡ…»

«እኔ አረቄ አልጠጣም» አለ ጀብሪል በቀስታ።

«አውቃለሁ ጋሽ ጀብሪል። ግን አይጠጡም ብዬ ብቻ አልለቀቅኩዎትም። ዛሬ ጠዋት እጅዎን በቀጥታ ወደ ግራው ሰደዱ፤ ባዶ ሲሆንብዎ ‹ክሩን ማን ወሰደው?› ብለው ጠየቁኝ።» ወደ ይሄነው ዞረች። «ጋሽ ይሄነው፣ እርስዎ ግን ነጠላውን ሳይገልጡ የቀኙን አነሡ። ሠላሳ አምስት ዓመት የግራውን የለመደ እጅ ዛሬ ለምን ቀኙን መረጠ? በግራው ክር እንደሌለ የሚያውቀው ክሩን የፈታው ሰው ብቻ ነው። አመል ያወጣል ከመሐል ይላሉ፤ እርስዎን ያወጣዎ ግን አመልዎን መተውዎ ነው።»

መምሬ የኔአለም አንገታቸውን ደፉ። «አይቻለሁ» አሉ። «የቀኙን ነው ያነሣው።»

 ይሄነው እጁን ኪሱ ከቶ የተጠቀለለ ክር አወጣና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«ጓዴ ነበር» አለ። «ዓይኑ እንደተከፈተ ትቼው መውጣት አቃተኝ።»

«ለምን ገደልከው?» አለች ዝናሽ።

«ሊነግራት ነበር።» እንቁን ማየት አልቻለም። «ዓባይነህ አልሞተም ነበር። እግሩን ተመትቶ ‹ውሃ› እያለ፣ እኔና አድማሴ ጥለነው ሸሸን። አገር ቤት ስንመለስ ግን ሞቷል አልኩ። አድማሴ ዝም አለልኝ። ዘንድሮ ግን ‹ዝምታው አላስተኛኝም› አለኝ። እንዲተወው ለመንኩት፣ እግሩ ላይ ወደቅኩ፤ እንቢ አለኝ። እሷን ማጣት አልቻልኩም።»

እንቁ ከማተቧ ላይ ያለውን ክር በሁለት ጣቷ ያዘች።

«ይህስ? የማን ነው?»

«የራሴ ነው» አለ ይሄነው።

 እንቁ ቋጠሮውን በጥርሷ በጥሳ ክሩን እግሩ ሥር ጣለችለት።

«እንካ፣ ጫማህን እሰርበት» አለችው። «ወህኒ ድረስ በእግርህ ነህ።»

መምሬ የኔአለም ተነሥተው መስቀላቸውን ከዝናሽ ግንባር ላይ አሳረፉ፤ ወዲያውም ደወል እንዲደወል ላኩ። ፍትሐቱ በዚያው ቀን ተደረገ። ዝናሽ አባቷን እየጠራች አለቀሰች፤ ልቧ ግን ዐርፏል። እንቁ ከለቀስተኛው ኋላ ቀርታ፣ ለማን እንደምታለቅስ ሳታውቅ ትሄድ ነበር። መንገዱን ሙሉ እጇ እንደ ልማዷ ወደ አንገቷ እየሄደ ከማተቧ በቀር ምንም አያገኝም።