ጀርባው የተሳለ ጎራዴ

ሽማግሌው አንጥረኛ ቶሞሺጌ ከወናፉ አጠገብ ተገድሎ ተገኘ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከትከሻው እስከ ደረቱ ተመትቷል። የተመታበትን ጎራዴ የሠራው ራሱ ነበር። ገዳዩ ጎራዴውን ከነደሙ አፎቱ ውስጥ መልሶ መደርደሪያው ላይ አስቀምጦታል። ከመደርደሪያው እስከ ጓሮው ጉድጓድ ደግሞ ደም ጠብ ጠብ ብሏል፤ ገዳዩም ቆስሎ ነበር ማለት ነው።

የሴኪ ከተማ ፖሊሶች ብዙም አላሰቡበትም። የሟቹ ልጅ ኢቶኖ ግራ እጇ በጨርቅ ተጠቅልሏል። በዋዜማው ከአባቷ ጋር ስትጯጯህ ጎረቤት ሰምቷል። በምን እንደተጣሉ ስትጠየቅም «ለማንም አልናገርም» አለች። እሷ ከታሰረች ያንን ምድጃ የሚያነድ ሌላ ዘር የለም።

በማግስቱ ኢንስፔክተር ሺዙማ መጣች። አስከሬኑ ከሐኪም ተመልሶ ሳሎን ተጋድሟል፤ ኢቶኖም በሁለት ፖሊሶች መሃል አጠገቡ ተቀምጣለች። ለቀስተኞቹ አንድ በአንድ ሰሌኑ ላይ ተንበርክከው ይሰግዳሉ፤ እሷም እጃቸውን ታያለች።

«ሴት ምድጃ አጠገብ አትቆምም ብዬው ነበር!» አለ ጎራዴ ሞራጁ ጌንኪቺ። «አልሰማኝም። ይኸው በላችው!»

«ጎራዴውን ያውቁታል?»

«ወር ሙሉ ስሞርደው! ከወገቡ እስከ ጫፉ ጀርባውም ስለት ነው። ዛሬ ማንም እንዲህ አይሠራም። ከኔ፣ ከሟቹና ከልጁ በቀር ያየው የለም።»

«ደም እንደነካው አፎት ውስጥ ቢገባስ?»

«ዝገት ይበላዋላ! በዚህ ቤት ማንም ሳይወለውል አይከተውም።»

ጌንኪቺ ለኢቶኖ እየመሰከረላት መሆኑን አላወቀም፤ ቢያውቅ ኖሮ ዝም ይል ነበር።

የጎራዴ አሰልጣኙ ሃታኖ ጥጉ ላይ እጆቹን እጅጌው ውስጥ ከቶ ተቀምጧል።

«መምህር፣ ያዘዙት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ። ግን አፎቱን እንኳ ነክቼ አላውቅም። ስሚ ሴትዮ፣ ነፍሰ ገዳይዋ ፊትሽ ተቀምጣ ምን ታደርቂናለሽ?»

ሺዙማ ተነሳች። ወደ አንጥረኛው ክፍል ሄዳ በወረቀት የተሠራውን በር አየችና ኢቶኖን፣ ጌንኪቺንና ሃታኖን እዚያው ጠራቻቸው።

«ኢቶኖ፣ ጨርቁን ፍቺው።»

የመዳፏ ጀርባ በእሳት ተልጧል፤ የስለት ምልክት ግን የለበትም።

«እዚህ ወረቀት ላይ ደሙ በሰያፍ መስመር ተረጭቷል» አለች ሺዙማ። «ገዳዩ ከመታ በኋላ ጎራዴውን አራግፎ፣ ሳያይ አፎቱ ውስጥ ከተተው። አንጥረኛ እንዲህ አያደርግም። በየቀኑ ይህንኑ ሲደጋግም የኖረ ሰው ግን እጁ ራሱ ይሠራዋል። ሲከትም የጎራዴውን ጀርባ በግራ እጁ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መሃል እያንሸራተተ ነው። የተለመደው ጎራዴ ጀርባ ደነዝ ነው፤ የዚህኛው ይቆርጣል። ይህን የሚያውቅ ሰው አይቆስልም ነበር።» ወደ ሃታኖ ዞረች። «መምህር፣ ተማሪ ሲሰግድ ጣቱ ቢጣመም በዱላ ይመታሉ አሉ። ቅድም ለሟቹ ሲሰግዱ ግን ግራ እጅዎን ጨብጠው ነበር። እስቲ ይዘርጉት።»

ሃታኖ ንቅንቅ አላለም። አንዱ ፖሊስ ክንዱን ይዞ ጣቶቹን ፈለቀቀ። በሁለቱ ጣቶች መሃል ቀጭን ጥልቅ ቁስል ታየ።

«ጀርባው የተሳለ መሆኑን አልነገረኝም!» ብሎ ጮኸ፤ ወዲያው ያለውን ሰምቶ አፉን ያዘ።

ኢቶኖ አየችው። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

«አባቴ ‹ተማሪዎቹን ለሚያደማ ሰው ጎራዴዬን አልሰጥም› አለ። እኔ ነኝ ‹ቃልህን አትብላ፣ ስጠው› ብዬ የጮህኩበት። የመጨረሻ ቃሌ ለዚህ ሰው ጥብቅና መቆም ነበር።»