ስም ያልጠራሁበት ስለት

እኔ ጋኔን፣ የውሃ መንፈስ፣ ምናምን ሲባል ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ መቂ ልጄ ጋ፣ ቢሾፍቱ እህቴ ጋ፣ እዚህ አዳማ ደግሞ ሌላዋ ልጄ ጋ እያልኩ ስዞር ስንት ወንዝ ተሻግሬ ስንት ቤት አድሬያለሁ፣ እስከዚያ ድረስ ከትኋን በቀር ሌሊት ያስነሳኝ ነገር አልነበረም። ስለዚህ የላንጋኖውን ስነግራችሁ «አሮጊቷ ቃዠች» እንዳትሉኝ፣ ቀን በብርሃን የሆነ ነው፣ ያየሁትን ብቻ ነው የምለው።

የልጅ ልጄ ሰብለ ያቻምና ከፋሲካ በኋላ አገባች፣ መልሱም ቅልቅሉም ሲያልቅ ባሏ ገመቹ «እማማም ይምጡና አየር ይቀይሩ» ብሎ ይዘውኝ ላንጋኖ ወረዱ። ገመቹ ደግ ልጅ ነው፣ ቀልድ ግን አያልቅበትም፣ ውሃው ለምን እንደ ሻይ ቀላ ብዬ ብጠይቀው «እማማ፣ ሳይታጠብ የሚመጣው ሰው በዝቶ ነው» አለኝ። ከምሳ በኋላ እሱ ለመኪናው ነዳጅ ሊቀዳ ወደ ባቱ ሄደ፣ ሰብለ ውሃው ዳር ቁጭ ብላ እጇን በአሸዋ ስታሽ ቆየችና ድንገት «እማ!» ብላ ጮኸች። የቃል ኪዳን ቀለበቷ ከጣቷ ላይ የለም።

እሱ ደግሞ እንደ ሌላ ወርቅ አይደለም፣ ካህን ጸልዮበት፣ ውስጡ የሁለቱ ስም ተቀርጾበት የገባ ነው፣ ጠፋ ተብሎ ሌላ አይገዛም። በዚያ ላይ የገመቹ እናት በሠርጉ ዕለት ጣቷን ይዘው «ይሄ ከጣትሽ የወጣ ቀን ልጄ ከቤትሽ ወጣ» ብለዋታል፣ በሳቅ ነው ያሉት፣ ግን ሳቅም ይጠዘጥዛል። «እሱ ሳይመጣ ካላገኘሁት አለቀልኝ» እያለች አሸዋውን በጥፍሯ ትቧጥጣለች።

የመዝናኛው ዘበኛ አዘነላትና ከድር የሚባል ጎልማሳ ጠራልን፣ ሻኪሶ ወርቅ ሲፈልግ የኖረ ነው፣ ወርቅም ብረትም ሲያገኝ የሚጮህ መሣሪያ አለው፣ ረጅም ዘንግ ሆኖ ጫፉ ላይ ትንሽ ሰፌድ የመሰለ ነገር አለበት። እኔን «አኮ» ይለኛል፣ አያቴ ማለቱ ነው። ግቢ እንደሚጠርግ ሰው ዘንጉን ወዲህ ወዲያ እያለ ሄደ፣ ጢጥ ባለ ቁጥር ድንግጥ እንላለን፣ ሲቆፍረው ቆርኪ፣ ሲቆፍረው ምስማር፣ ሲቆፍረው የሳርዲን ጣሳ።

«አኮ፣ በቆርኪ የሚያገቡበት አገር ቢኖር ዛሬ ሦስት ሚስት አገባ ነበር» አለኝ።

«አንተ ቀለበቱን አግኝ እንጂ እኔ እመርቅሃለሁ» አልኩት።

«ምርቃቱን ከአሁኑ ይጀምሩልኝ፣ ባትሪው አለቀ» ብሎ አሸዋው ላይ ተቀመጠና አዲስ ሊቀይርለት መሣሪያውን ፈታው።

ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፣ ሰብለ መንገድ መንገዱን ታያለች። እኔ ሲጨንቀኝ ስለት መሳል ልማዴ ነው፣ ሁልጊዜ «ገብርኤል» ብዬ ነው የምጀምረው፣ እመኑኝ፣ ያን ቀን ግን ስሙ አፌ ላይ አልመጣም፣ ብቻ ወደ ውሃው እያየሁ «ይህን ቀለበት ላስገኘልኝ በግ አስገባለሁ» አልኩ። ይሄኔ መሣሪያው ጮኸ፣ ያውም እንደ ቅድሙ ጢጥ ብሎ የሚያቆም አይደለም፣ ሳይተነፍስ ነው የጮኸው። ባትሪው ከድር መዳፍ ላይ ነው፣ አሮጌውም አዲሱም፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከድር ደንግጦ ሲወረውረው ጩኸቱ ቆመ። ትንሽ አየውና መሣሪያው የወደቀበትን በእጁ ይቆፍር ጀመር፣ ከውሃው የራቀ፣ ሰብለም እኔም ያልረገጥነው ደረቅ አሸዋ ነው። ክንዱ እስከ ክርኑ ገባ፣ የአሸዋው ሥር ግን እርጥብ ነበር፣ ቀለበቱን ይዞ ወጣ። ሰብለ ነጥቃ ውስጡን አነበበችው፣ የእሷም የገመቹም ስም አለበት።

«ዛሬ የጠፋ ዕቃ እዚህ ድረስ አይወርድም» አለ ከድር። «ይሄ ስንት ክረምት ያለፈበት ጥልቀት ነው።»

ሰብለ ምን ሰምታ፣ እያለቀሰች ቀለበቱን ትስማለች። ብር ስትዘረጋለት «እኔ አላገኘሁትም» ብሎ እጁን ሰበሰበ፣ ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«አኮ፣ ሲሳሉ ሰምቼዎታለሁ። ለማን ነው?»

«ስም አልጠራሁም» አልኩት።

«ያ ረቢ!» አለና መሣሪያውን ተሸክሞ ሄደ፣ ደህና ዋሉም አላለን።

ገመቹ ሲመጣ ቀለበቱ ጣቷ ላይ ነበር፣ እስከ ዛሬም አያውቅም። አዳማ ስመለስ የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው፣ «ለገብርኤል አስገቢዋ፣ ሌላ ማን ሊሆን ነው» አሉኝ። እሺ ብዬ በግ ገዝቼ እየሳብኩ የቤተ ክርስቲያኑ በር ስደርስ ገመዱ ቀለለኝ፣ ዞር ስል በጉ የለም፣ ቋጠሮው እንደታሰረ ባዶ ገመድ ነው የያዝኩት። ሌባ ነው አልኩ። ሁለተኛውም እንዲሁ ሲሆን ሌባ ማለቱንም በግ መግዛቱንም ተውኩ፣ ስለቱም እንዳልገባ ቀረ።

ሰብለ ወንድ ልጅ ወልዳለች፣ ዳዴ ማለት ጀምሯል። ዛሬ ጠዋት ደውላ «እማ፣ ላንጋኖ ልንወርድ ነው፣ ልጁን ውሃ እናስነካው ይላል ገመቹ» አለችኝ።

«ይበርደዋል» አልኩ፣ ሌላ ምን ልበል።

«እማ ደግሞ! ላንጋኖ መቼ በርዶ ያውቃል» ብላ እየሳቀች ዘጋችው።

ይኸው መሽቷል፣ አልደወሉም፣ ኔትወርክም ይሆናል፣ በዚያ በኩል ይቆራረጣል። በሰላም እንዲመለሱ ልሳል እልና አፌን እይዛለሁ፣ ገብርኤል ብዬ ስም ብጠራም፣ የፊተኛውን የሰማኝ ቀድሞ ይስማኝ እንደሆነ ምን አውቃለሁ።