የጡት እህት መሐላ

ላሰር የካረልን ቀኝ እጅ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከቀሚሷ በቀደደችው ጨርቅ ስትጠቀልል ደሙ አልቆም አላት። የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ ከሥራቸው ተቆርጠዋል። የወንዙ መሻገሪያ በሬሳ ተሞልቶ ውሃው ቀልቷል፤ ቁራዎች ወርደው የሟቾቹን ዓይን እየጎለጎሉ ነው። ሌሎቹ ተዋጊዎች የሸሹትን ወራሪዎች እያሳደዱ ርቀዋል።

ካረል ገና አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ከሰዓት በኋላ ታራ ኮረብታ ላይ ንጉሠ ነገሥት ሊባል ነው፤ ግን አካሉ የጎደለ አይነግሥም። እንዲህ ያለ ሰው ሲነግሥ ላሞች ይነጥፋሉ፣ እህል ይመክናል ይላሉ።

«አጥብቂው» አለ ጥርሱን ነክሶ። «ሲጠይቁሽ ጭረት ናት በያቸው። የምትምዪው አንቺ ነሽ።»

ልማዱ ነው። የሚነግሠው ሰው አካሉ ሙሉ መሆኑን የሚምለው አብሮት አንድ ጡት የጠባ ነው። ካረልን ያጠባችው የላሰር እናት ናት።

«በሐሰት ልማል?»

«እውነቱን ከተናገርሽ አጎቴ ይነግሣል። በሕይወት የሚተወኝ ይመስልሻል?»

ላሰር ጨርቁን አጥብቃ ቋጠረችው። አጎቱን ታውቀዋለች።

ሰረገላ ነጂው ሎሃን ፈረሶቹን እየፈታ ሳቀ። በልጅነታቸው ሁለቱንም ፈረስ መጋለብ ያስተማራቸው እሱ ነው። «አይዞህ ጌታው! ለቢራ ዋንጫ ሦስት ጣት ይበቃል!»

ካረልም ሳቀ። እየሳቀ ተነሣና ጦሩን በግራ እጁ ከጭቃው ነቅሎ የሎሃን ጉሮሮ ላይ ሰካው። ሎሃን አንገቱን በሁለት እጁ ይዞ አንድ ነገር ሊናገር ሞከረ። ደም ብቻ ወጣ።

«ምን አደረገህ?» ላሰር ጮኸች።

«አየኛ። አፉ አያርፍ።» ጦሩን በሣር ጠረገ። «አሁን የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን።»

ታራ ላይ ሕዝቡ ኮረብታውን ሞልቶት ነበር። ካረል ጦሩን በግራ እጁ ይዞ ቆሟል፤ ላሰር ከጎኑ ናት። ሽማግሌው ዳኛ የተጠቀለለውን እጅ አይተው ወደ እሷ ዞሩ።

«ልጄ፣ አካሉ ሙሉ ነው?»

«ንገሪያቸው እንጂ፣ እህቴ» አለ ካረል ፈገግ ብሎ።

አጎቱ ከፊተኛው ረድፍ አንገቱን አሰገገ። ላሰር አየችው። ካረልንም አየችው። ከዚያ ጦሩ እስከማይደርስባት ድረስ ርቃ ዳኛው አጠገብ ቆመች።

«አባቴ» አለች በቀስታ፣ «በመጀመሪያ የሎሃን ሬሳ የት እንደወደቀ ልንገርዎት።»