አሥራ ሁለተኛው ብልቃጥ

አምሐን ጣና ዳር፣ ደንገሉ ውስጥ ተደፍቶ ያገኙት አባባ ሣህሉ ናቸው፤ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ። ማጅራቱን ተመትቷል። ሽማግሌው የቤተ ክርስቲያኑ ደን ጠባቂ ናቸው፤ አምሐ ደግሞ የደኑን ጦጣዎች ዓይነ ምድር እየለቀመ የሆድ ትላቸውን ያጠና ነበር። ሌላ ሰው በአካባቢው ስላልታየ የቀበሌ ታጣቂዎች ሽማግሌውን የፊጥኝ አሰሯቸው። ቀትር ላይ ሊወስዷቸው ነው፤ በዚያ በደርግ ዘመን የተወሰደ ሰው መመለሱን ማን ያውቃል!

መርማሪዋ ሃምሳ አለቃ አገርነሽ የሟቹን ቦርሳ ፈታች። አሥራ ሁለት ብልቃጥ፤ በየብልቃጡ እንዳይበላሽ የሚያቆይ መድኃኒት፣ ዓይነ ምድርና ቁራጭ ወረቀት። የመጨረሻው «ማክሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት» ይላል።

«ይኸው!» አለ አምሐ የሚሠራበት የጥናት ጣቢያ ኃላፊ አካሉ። «ጠዋት በሕይወት ነበር። እኔ ሌሊት 11 ሰዓት ለስብሰባ ወደ ይፋግ ሄጄ ገና መመለሴ ነው። ከሣህሉ በቀር ማን ነበረ?»

«አባባ፣ ሲያገኙት እንዴት ነበር?» አለች አገርነሽ።

«ላቃናው ብል እጁ አልታጠፍ አለኝ፣ ልጄ። ደርቆ ነበር። ጮህሁ።»

የአምሐን ረዳት ጽጌን ለብቻዋ ወሰደቻት።

«ጠላት ነበረው?»

«ሰዉን የያዘውን ቢልሃርዚያ ያመጡት ጦጣዎቹ ናቸው ብለህ ፈርም፣ ደኑ ይመንጠር ተባለ። እምቢ አለ። የጣቢያችን ሽንት ቤት ሐይቁ ውስጥ ይፈሳል፤ ለጦጣዎቹ ያስተላለፈው ሰው ነው አለ።»

«ፈርም ያለው ማን ነው?»

ጽጌ ወደ ጣቢያው ቢሮ ዞር ብላ አየች።

ቀትር ሲቃረብ አገርነሽ ሦስቱንም ሰብስባ ብልቃጦቹን ደረደረች።

«ጽጌ፣ ወረቀቱን በምን ትጽፋላችሁ?»

«በእርሳስ። ቀለም መድኃኒቱ ውስጥ ይለቃላ።»

«አሥራ አንዱ በእርሳስ ነው። አሥራ ሁለተኛው ግን በቀለም ተጽፎ መድኃኒቱን ሰማያዊ አድርጎታል። አምሐና ጽጌ እንዲህ አይስቱም። አባባስ?»

«ፊደል አልቆጠርሁም፣ ልጄ።»

«ስለዚህ ወረቀቱን የጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ አምሐ የሞተው ሰኞ ማታ ነው። ሬሳ እንዲያ ለመድረቅ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ሁለት ሰዓት ላይ ደርቆ የተገኘውም ለዚህ ነው። የማክሰኞ ወረቀት የሚጠቅመው ማክሰኞ ይፋግ ለነበረ ሰው ብቻ ነው። ጓድ አካሉ፣ ብዕርዎን ያምጡ።»

አካሉ ደረት ኪሱን በእጁ ሸፈነ።

«ጦጣ ነው ብዬ ለበላይ ጽፌ ነበር። ሊያጋልጠኝ ሆነ። እኔስ ልጆች የሉኝም?»

«እሱስ የሰው ልጅ አልነበረም?» አሉ አባባ ሣህሉ። እጃቸው ሲፈታ ተቀምጠው አለቀሱ።

አገርነሽ አምሐ ስለ ሽንት ቤቱ ጽፎት የነበረውን ሪፖርት ለጽጌ ሰጠቻት።

«ፊርማ ይጎድለዋል። ትፈሪያለሽ?»

«በጣም» አለች ጽጌ፤ ከጸጉሯ የሻጠችውን እርሳስ መዘዘች።

«ይኸንንስ በቀለም» አለች አገርነሽ፤ እስክሪፕቶዋን አቀበለቻት።

ጽጌ ፈረመች።