ከኋላ የገፋ ነፋስ

ልጃቸው ለምሳ ስትመጣ አባቷን ከደረጃው ግርጌ ተዘርረው፣ ሰውነታቸው ቀዝቅዞ አገኘቻቸው። አላለቀሰችም። ቦርሳዋን ወንበር ላይ አስቀምጣ ፖሊስ ጠራች፤ ከዚያ ውኃ ጠጣች። እጇ የሌላ ሰው እጅ መሰላት።

ሟቹ አርባ ዓመት ሙሉ የአውሮፕላን ጉዞ ሲያሰሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። የቤቱ ቁልፍ ያላቸው እሷ፣ ካፒቴን የሆነው ባሏና ምድር ቤት የሚኖረው ተከራይ አስተማሪ ብቻ ናቸው። በሩም አልተሰበረም።

መርማሪዋ ደቃቃ፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ነች። ተከራዩን አስቀደመች።

«ለአራት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ላይ ዱብ ሲል ሰማሁ» አለ። «ዕቃ የወደቀ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

«ከሟቹ ጋር አትስማሙም ይባላል።»

«በውኃ ነገር ተነታርከናል። እሳቸው ግን ቂም አያውቁም። ባለፈው ሳምንት በስልክ ‹እስከ ሰኞ ነው የምታገስህ፤ ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ› ሲሉ ሰምቻለሁ። ለማን እንደሆነ እንጃ።»

ካፒቴኑ የደንብ ልብሱን እንኳ አላወለቀም። «ያረፍኩት አራት ሰዓት ላይ ነው። አራት ከሩብ ላይ ለባለቤቴ ደውያለሁ፤ ይጠይቋት።»

ሚስቱ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። «አሁን አረፍኩ» ብሏታል።

መርማሪዋ ከሟቹ ጠረጴዛ ላይ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አንስታ ለካፒቴኑ ዘረጋችለት። ወደ መስኮቱ ዞረ፤ አንገቱን አዘነበለ፤ ከዚያ ለሚስቱ አቀበላት። «የሳቸው ጽሕፈት አይነበብም።»

ጽሕፈቱ ግን ፊደል የቆጠረ ልጅ ሁሉ የሚያነበው ነበር።

በማግስቱ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ካፒቴኑ በበረሩ ቁጥር ሟቹ ጉዞውን ያሰሉ ነበር» አለች። «ርቀቱ ስምንት ሺህ ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ነው። በሰዓት ስምንት መቶ አሥር ለሚበር አውሮፕላን አሥራ አንድ ሰዓት ይፈጃል። በእኛ ሰዓት ከምሽቱ አምስት የተነሳ፣ ጠዋት አራት ይደርሳል፤ የበረራ ሰሌዳውም ይህንኑ ይላል። ትናንት ግን ከኋላ የሚገፋ ነፋስ በሰዓት ሰማንያ ጨመረለት። ጉዞው አሥር ሰዓት ሆነ። ሟቹም በዚያች ብጣሽ ወረቀት ላይ ‹ሦስት ሰዓት ያርፋል› ብለው ጻፉ። አየር ማረፊያውን ጠየቅኩ፤ ደቂቃ አልተሳሳቱም። ከዚያ እዚህ ሃያ ደቂቃ ነው።»

መርማሪዋ ወደ ካፒቴኑ ዞረች።

«እስከ ሰኞ የተባለውስ ማነው? ወረቀቱን ሲያቀብሏት ገባኝ። ካፒቴን፣ ዓይንዎ ከታመመ ስንት ጊዜ ሆነው?»

ሚስቱ ከወራት ወዲህ መልእክቶቹን ሁሉ የምታነብለት እሷ መሆኗ ትዝ አላት። ፍቅር መስሏት ነበር።

«ስድስት ወር» አለ ካፒቴኑ። «የማየው ነገር መሃል መሃሉ ይጨልምብኛል። የሐኪሙን ደብዳቤ አግኝተውብኝ ነበር። ለአየር መንገዱ እንዳይናገሩብኝ ልለምናቸው መጣሁ፤ እንቢ አሉ። ደብዳቤውን ከእጃቸው ልነጥቅ ስታገል ከደረጃው ላይ ገፋኋቸው።»

«ስትደውልልኝ አባቴ ይተነፍሱ ነበር?» አለች ሚስቱ።

«አላየሁም።»

ይዘውት ወጡ። መርማሪዋ በሩ ላይ ዘገየች። «ብቻሽን አትሁኚ፤ ማንን እንጥራልሽ?»

ልጅቱ አሰበች። «የምጠራቸው ሁለት ሰዎች ነበሩኝ» አለች።