ያልፈረሰው ክርክር

«አንደኛ፣» አሉ ሽማግሌው አያ ወልደ ሥላሴ ጣታቸውን እያጠፉ፣ «ሽቦው በተቆረጠበት ማታ ተማሪው ክንዱ ወደ ማዶ ሄዶ ነበር። ሁለተኛ፣ ማጭድ አለው፤ ያውም የተሳለ። ሦስተኛ፣ በማግሥቱ መዳፉ ቆስሎ ታየ። ወፏ ያለችን ይህን ነው።»

ዳኘው ከሾላው ሥር፣ ከቆሎ ተማሪዎቹ መሀል ተቀምጦ ነበር። ቃሎቹን ያውቃቸዋል። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያሉ ጣት ማጠፉን እንኳ ያውቀዋል። «ያውም የተሳለ» የምትለዋን የጨመራት ራሱ ነው። ያኔ ሲናገራት ደስ ብላው ነበር።

ከደምበጫ ወደ ቡሬ የሚሄደው የጣሊያን የስልክ ሽቦ ከመንደሩ በታች ተቆርጦ የተገኘው ባለፈው ሳምንት ሰኞ ነው። የቡሬው የጦር ሹም በአስተርጓሚ የላከው ቃል አጭር ነበር። እስከ ቅዳሜ ገበያ ወይ ሰው ይምጣ፣ ወይ እሳት ይመጣል። አገሬው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው የሚያውቀው መላ አውጫጭኝ ነው። ሁሉም ይሰበሰባል፤ ስም ሳይገኝ ማንም ቤቱ አይገባም። ሰዉ ተራ በተራ እየተነሣ ከዛፉ ጀርባ ለሽማግሌዎች በጆሯቸው ሹክ ይላል። ማን ምን እንዳለ አይገለጽም፤ ሹክ ያለው ሁሉ «ወፍ» ይባላል።

ከጧት ጀምሮ ተቀምጠዋል። ላሞቹ አልታለቡም፤ ጥጆቹ ከየበረቱ ይጮኻሉ። አንዱ ይነሣል፣ ሌላው ይቀመጣል፣ ሌላው ጥላ ፍለጋ ይንፏቀቃል። ጧት አንድም ወፍ አልነበረም። ቀትር ሲያልፍ ግን ወፉ በዛ።

የወፎቹ ሁሉ አፍ ደግሞ ክንዱ ላይ አረፈ። ክንዱ ከቡሬ ወዲያ፣ ከአዊ አገር ለትምህርት የመጣ ልጅ ነው። እዚህ መንደር አጎት የለው፣ አማች የለው፣ ጡት አባት የለው። ይህ ከማጭዱ የባሰ ማስረጃ ነበር።

«የአንተ አይደለም እንዴ?» አለ ይሄይስ፣ ከጎኑ የተቀመጠው ጓደኛው፣ በሹክሹክታ።

«ዝም በል።»

«ረቡዕ ለታ ያልኸው እኮ ነው። ቃል በቃል!»

«ዝም በል አልሁህ!»

ነገሩ እንዲህ ነበር። መምህራቸው የኔታ ገብረሰንበት ሲያስተምሩ በየቀኑ አንድ ስህተት ሆን ብለው ይሸሽጋሉ። ተማሪ ካገኘባቸው «ተያዝሁ» ይላሉ። ካልተገኘባቸው ቅር ይላቸዋል፤ ያን ዕለት የተማሩትን ሁሉ ከሥሩ ያስደግማሉ። ረቡዕ ረቡዕ ደግሞ አንድ ተማሪ ተነሥቶ ሐሰት የሆነ ነገር እውነት ያስመስላል፤ የቀሩት ተረባርበው ያፈርሱታል። ሕጉ «ሳይፈርስ ማንም አይነሣ» ነው።

ባለፈው ረቡዕ ተረኛው ዳኘው ነበር። «ሽቦውን የቆረጠው ክንዱ ነው» ብሎ ጀመረ። ሁሉም ሳቀ፤ ከሁሉ በላይ የሳቀው ክንዱ ነው። ሦስተኛው ጣት ሲታጠፍማ «ተያዝሁ!» ብሎ እጁን ለገመድ ዘረጋ። ልክ ማፍረሱ ሊጀመር ሲል በረዶ ወረደ። ሁሉም ወደየጎጆው ሮጠ፤ ማፍረሱ ቀረ። በዚያች ሰዓት በአጥሩ ሥር የሚያልፍ አንድ ሰው የተሠራውን ክርክር ሰምቷል። እስኪፈርስ አልጠበቀም።

«ብትነሣ አንተን ነው የሚወስዱህ፣» አለ ይሄይስ። «እንዲህ አጣፍጦ ያወቀ ራሱ ነው የቆረጠው ይሉሃል።»

ይሄይስ ሞኝ አይደለም። ይህም ሲሰሙት ጥሩ ክርክር ነበር።

ዳኘው ወደ የኔታ ተመለከተ። የኔታ ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀምጠው ዝንብ በሌለበት ጭራቸውን ያወዛውዛሉ። እሳቸውም ረቡዕ ዕለት ሰምተዋል። አይናገሩም? ዳኘው እግሩን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ እንደገና አጠፈ። ጭራው ወዲህ ሄደ፣ ወዲያ ሄደ። የኔታ አልተናገሩም።

ጭቃ ሹሙ ላቀው ገመዱን ይዞ ተነሣ። «ና እንግዲህ፣ ወንድሜ።»

ክንዱ ብድግ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን የናቱ ቋንቋ ነበር። ከተሰብሳቢው ማንም የተረዳው የለም። አንዱ ከኋላ «ይኸው፣ አመነ!» አለ።

ዳኘው ሳያውቀው ቆሞ ተገኘ።

«ወፏ እኔ ነኝ።»

ጉምጉምታ ተነሣ። በአውጫጭኝ ወፍ ነኝ ብሎ የቆመ ሰው አይታወቅም። አያ ወልደ ሥላሴ ከበርጩማቸው ላይ ሆነው አንገታቸውን አሰገጉ።

«አንተ ልጅ፣ ወፍ አይነሣም። ተቀመጥ።»

«አባቴ፣ ሹክ ያላችሁን ሰው አላውቀውም። ነገሩ ግን የኔ ነው። የኔታ ዘንድ ለትምህርት ሠርቼው ሳናፈርሰው በረዶ መጣ። አሁን ላፍርሰው።»

«ምኑን ነው የሚያፈርሰው?» አለች አንዲት ሴት። «አጥር ነው?»

«ነገሩን ነው፣ እቴቴ።» ዳኘው የቀኝ እጁን ወደ ላይ አነሣ። «ወደ ማዶ ሄዶ ነበር አልሁ። ለልመና ሄዷል። እኔም ሄጃለሁ። እናንተም ግማሻችሁ ቤታችሁ ማዶ ነው። ማዶ መሄድ የሚያስይዝ ከሆነ ገመዱ አይበቃም።»

አንድ ሽማግሌ ሳቁ፤ ወዲያው በሳል ሸፈኑት።

«መዳፉ ቆስሏል አልሁ። ውሻ ነክሶት ነው ብሎኛል። እኔ ግን ውሻውን አላየሁም።»

«ቆይ፣ ቆይ!» አለች አጠገብ የተቀመጠች እታለም የምትባል የማዶ ሰው። «ያን ሰኞ ማለዳ ነው? የኔ ውሻ ናት! ደጄ ላይ በዐይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ቁስሉን ያጠብሁለትም እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ጧቱን ሙሉ ለምን ዝም አልሽ?» አለ ላቀው።

«ሽቦ የቆረጠ አይተሻል ወይ አላችሁኝ እንጂ ውሻ የነከሰው አይተሻል ወይ አላችሁኝ?»

ሳቅ ሆነ። ዳኘው ግን አልሳቀም። አንድ ጣት ቀርቷል።

«ማጭድ አለው አልሁ። ያውም የተሳለ። ማጭዱ ሣር ያጭዳል፤ ሽቦ መቁረጡን ግን ማን አየ? እኔም አላየሁም። ይኸው ማጭዱ እዚሁ አለ፣ ይሞከር። ቁራጭ ሽቦ ብቻ...»

ዐይኑ ሽቦ ፍለጋ ተሰብሳቢውን ዞረ። ቀበቶ አየ፣ ዱላ አየ፣ የማረሻ ወገል አየ። ከዚያ ቆመ።

የአያ ወልደ ሥላሴ በርጩማ ሦስት እግር አላት። አንደኛው እግር ተሰንጥቆ ነበርና በአዲስ፣ በሚያብረቀርቅ ሽቦ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል።

ዳኘው ዐይኑን ቶሎ ሊያነሣ ሞከረ፤ አልተነሣለትም። የዳኘውን ዐይን ተከትሎ የፊተኛው ረድፍ አየ። ከዚያ የሁለተኛው። አያ ወልደ ሥላሴ የማንንም ፊት ሳያዩ ጋቢያቸውን ቀስ አድርገው ዝቅ አደረጉት፤ በርጩማዋ እስከ መሬት ተሸፈነች።

በዳኘው ራስ ውስጥ ጣቶች መታጠፍ ጀመሩ። አንደኛ፣ ሽቦው ከቤታቸው ተገኘ። ሁለተኛ፣ ልጃቸው ጫካ ገብቶ ከአርበኞቹ ጋር ነው ይባላል። ሦስተኛውም መጣለት፤ ከረቡዕ ዕለቱ በጣም የሚበልጥ፣ ለማፍረስ የሚያስቸግር ክርክር ነበር። አንድ ቃል ቢተነፍስ ክንዱ ነፃ ነው። እሱም ነፃ ነው።

ሽቦ መንገድ ላይ ወድቆ ሲገኝ ይነሣል። ከልጅ እጅ ይነጠቃል። ይህን ለራሱ አለው። እውነት ይሁን አይሁን አያውቅም።

«እህሳ?» አሉ አያ ወልደ ሥላሴ። «ክንዱ ካልሆነ ማን ቆረጠው?»

«ሲቆረጥ አላየሁም፣ አባቴ።»

«አላየህም።»

«አላየሁም።»

ሽማግሌው ወደ ጭቃ ሹሙ ዞሩ። «ላቀው፣ ያን ገመድ ጠቅልል። ሰውማ አላገኘንም። ቡሬ ሂድና ሽቦውን እኛው ጉልበታችንን አዋጥተን እንዘረጋዋለን በላቸው። አውጫጭኙም አላለቀም፣ ነገ እንቀመጣለን በላቸው።»

«ቢቆጡኝስ፣ አያ?»

«ተቆጥተው እስኪጨርሱ ቁም።»

«ካልጨረሱስ?»

ሰዉ አቧራውን እያራገፈ ተነሣ። ማንም እፎይ አላለም። ነገም ያው መሬት፣ ያው ፀሐይ ነው፤ ቅዳሜም ቅርብ ነው። አንዳንዱ ሲያልፍ ዳኘውን በክርኑ ጎሸመው፤ የምስጋና ይሁን የቁጣ አልለየም። ክንዱ ትከሻ ለትከሻ ተጠግቶት ይሄዳል።

የኔታ ወደ ትምህርት ቤቱ ቁልቁል ፊት ፊት ሲሄዱ ቆዩና፣ ዞር ሳይሉ እንደ ሁልጊዜው ጠየቁ።

«ዛሬ የቱ ላይ ተሳሳትሁ?»

ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ዛሬ ትምህርት አልነበረም።

«ዝም ያሉ ጊዜ፣» አለ ዳኘው።

የኔታ ቆሙ። ጭራቸው እጃቸው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ተያዝሁ፣» አሉ ቀስ ብለው። ጥቂት ተራመዱና «ሌላስ? ሌላ አላገኘህም?» አሉ።

ከታች፣ ከመንገዱ ዳር፣ የተቆረጠው ሽቦ ጫፍ ከእንጨቱ ላይ ተንጠልጥሎ በነፋስ ይወዛወዛል። ዳኘው ማጭዱን ከክንዱ እጅ ተቀበለና በራሱ ትከሻ ላይ አነገተው።

«ያየሁት አለ፣ የኔታ። የማውቀው ግን የለም።»